በሃይላንድ ስለሚሸጠው በረኪና

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጥንካሬው፣ የተመረተበት ቀንና ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍበት በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ስለሚሸጥ በረኪና

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖርና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ በየሱቁ ደጃፍና በየጉሊቱ፣ ቀድሞ የመጠጥ ውኃ በነበረበት ሃይላንድ ተሞልቶ፣ አንዳች ጽሑፍ ሳይኖርበት ስለሚሸጠው በረኪና ነው። ደብዳቤውን ለሁለት ቢሮዎች በአንድነት ያቀረብኩት፣ ችግሩ የንግድ ቁጥጥር ጉዳይ ቢሆንም የመፍትሔው ግማሽ በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ይገኛል ብዬ ስለማምን ነው።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውሁድ በውኃ የሟሟበት ፈሳሽ ነው። ክሎሪን ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ (ሳሙና በሚሠራበት የሚያቃጥል ኬሚካል) ሙሙት ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ ጋዙ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፤ የሚገኘውም ልብስ የሚያነጣ፣ ጀርም የሚገድል፣ በመልኩ ግን ትንሽ ቢጫ ከመንካቱ በቀር ከውኃ የማይለይ ነገር ነው። ለቤት የሚሸጠው በብዙ አገሮች ከ3 እስከ 6 በመቶ ጥንካሬ አለው። ቶሎ እንዳይበላሽም ኮስቲክ ሶዳ ተርፎ እንዲቀርበት ስለሚደረግ ፒኤቹ (7 ገለልተኛ ሆኖ ከዚያ በላይ አልካላይነትን የሚያሳየው መለኪያ) 11 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ቢመስልም፣ ከዚህ በታች የማነሳው ሥጋት ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚሁ ሁለት ጠባዮች፣ ማለትም ከክሎሪኑ እና ከሶዳው ነው።

ሃይላንዱ የሚበድለን በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ሰው በረኪናውን ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ይህ ሥጋት በከተማዋ ዳርቻ የሚከፋበት የራሱ ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ቧንቧው በመጣ ቀን ሮቶ ያለው በሮቶ፣ የሌለው በጀሪካንና በሃይላንድ ቀድቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ በአንድ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ወይም በአንዲት የሰርቪስ ክፍል ጥግ፣ መጠጥ ውኃ የያዘው ሃይላንድና በረኪና የያዘው ሃይላንድ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ክዳናቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ፣ አንዳንዴም በላያቸው የቀረው የውኃ ፋብሪካ ምልክት አንድ ነው። ከትምህርት ቤት ተጠምቶ የገባ የስድስት ዓመት ልጅ አሽትቶ እንዲለይ መጠበቅ የእናቱን ጥንቃቄ ከሚገባው በላይ መፈተን ነው።

ሁለተኛው በደል ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ብርሃን ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርስና ከፊሉ ተራ የገበታ ጨውና ኦክስጅን፣ ከፊሉም ክሎሬት የሚባል ሌላ ጨው ይሆናል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ የመፍረሱ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው በፋብሪካ የታሸገ በረኪና ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሞላው። ባለሱቁ ግን ብርሃን የሚያሳልፈውን ሃይላንድ ከደጃፉ ደርድሮ፣ ፀሐይ ስትመታው ስለምትውል፣ ገዢው የሚወስደው ምን ያህል ጥንካሬ የቀረለት ፈሳሽ እንደሆነ ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ለሚጠጣው ሕፃን አደገኛ፣ ለሚያጸዳው ሰው ደግሞ ደካማ የሚሆን ዕቃ በአንድ ጊዜ መሸጥ የሚቻለው እንዲህ ባለው ማሸጊያ ነው።

ስለ መጠጣቱ ጥቂት ልቆይ። በረኪና ጣት ላይ ሲፈስ የሚያሙለጨልጨው ሶዳው የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙናነት እየለወጠ በመሆኑ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት ሂደትም ይኸው ነው። ይህ ለውጥ በጉሮሮና በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲካሄድ ሕብረ ሕዋሱን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥንካሬው ከፍ ካለ ደግሞ ጠባሳው የምግብ ቧንቧውን ሊያጠብ ይችላል። በሰፈራችን አንድ ልጅ ማጽጃ ጠጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ጣት ከቶ ማስታወክ ነው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። አፉን በውኃ ማጉመጥመጥ፣ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውኃ ወይም ወተት ፉት ማስባል፣ ከዚያም ፕላስቲኩን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው ትክክለኛው። ሐኪሙ ግን ፕላስቲኩን ተቀብሎ ምን ያነብበታል? በውስጡ ያለው 2 በመቶ ይሁን 10 በመቶ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም።

ሌሎች አገሮች ይህን ትምህርት የቀሰሙት በብዙ ሕፃናት ስቃይ ነው። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ የጉሮሮ ሐኪም የነበረው ቼቫሊየር ጃክሰን፣ ኮስቲክ ሶዳ ጠጥተው ጉሮሯቸው የተዘጋ ሕፃናትን ሲያክም ከኖረ በኋላ፣ ሕክምናው ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ በማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ለዓመታት ተሟገተ። በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአገሪቱ ምክር ቤት እንዲህ ያሉ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች መርዝነታቸው በግልጽ ሳይጻፍባቸው ለቤት አገልግሎት እንዳይሸጡ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ልጆች በቀላሉ የማይከፍቱት ክዳን በሕግ የመጣው ደግሞ በ1970 ነው። የሰባቱ ዓመት ልዩነታችን እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ በሁለቱም አቆጣጠር ቢሆን ዘግይተናል።

መጠጣቱን ትተን ወደ መቀላቀሉ ስንመጣ፣ ጉዳዩ ከልጆች አልፎ በየቤቱ የሚያጸዱትን ሴቶችና የቤት ሠራተኞች የሚመለከት ይሆናል። በየሱቁ ከበረኪናው ጎን ለሴራሚክና ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጥ አሲድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ቆሻሻው አልለቅ ሲል ሁለቱን አንድ ላይ መድፋት ብልሃት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አሲድ በረኪናው ላይ ሲጨመር፣ በሶዳው ተይዞ የነበረው ክሎሪን ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ በሚያዝያ 22 ቀን 1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤልጂየም በኢፕር ከተማ አጠገብ በጦር መሣሪያነት የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ መስኮት በሌላት የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትፈገፍግ ሴት ፊቷ ያለው እዚያው ነው። ሎሚና አቼቶም አሲድ ስለሆኑ በመጠኑም ቢሆን ይህንኑ ያደርጋሉ። ሽንት ባደረበት መጸዳጃ ላይ በረኪና ሲፈስ ደግሞ፣ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የተባሉ ዓይን የሚያስለቅሱና ሳንባ የሚያቃጥሉ ጋዞችን ይፈጥራል። እግረ መንገዴን ልበልና፣ «ሽታው የከበደ በረኪና አሪፍ ነው» የሚለው የገበያ አባባል አያታልል፤ ሽታው ምን ያህል እንደጸዳ አይናገርም።

እነዚህ ነገሮች ያረጁና የተዘጉ ርእሶች አይደሉም። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ሆምኬም በተባለ ጥናት የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ለሙከራ በተሠራ አንድ ቤት ውስጥ ምግብ ሲያበስሉና ወለል በበረኪና ሲወለውሉ የቤቱን አየር በረቂቅ መሣሪያዎች ለክተዋል፤ ከበረኪናው ውልወላ በኋላም ክሎሪንና ክሎራሚኖች በአየሩ ውስጥ ተገኝተዋል። በዓመቱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ከበረኪና የሚነሣው ትነት ሊሞኒን ከተባለው የሎሚና የብርቱካን ሽታ ሰጪ ቅመም ጋር በብርሃን ሲገናኝ፣ በሳንባ ጥልቅ ሊገቡ የሚችሉ ደቃቅ ብናኞች እንደሚፈጠሩ አሳዩ። የሎሚ ሽታ ያለው ላርጎና በረኪና በአንድ ባልዲ መበጥበጥ በየቤታችን የተለመደ በመሆኑ፣ ይህ ውጤት ለቱሉ ዲምቱም የተጻፈ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

በረኪናን ለመክሰስ ብቻ እየጻፍኩ እንዳይመስልባችሁ። ክሎሪንን በ1774 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኘው የስዊድኑ መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው፤ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ጨርቅ እንዲያነጣ አደረገው፣ ፈሳሹም በዚያው ዘመን ያኔ የፓሪስ ዳርቻ መንደር በነበረችው በዣቬል መመረት ጀመረ። (የዳርቻ ሰፈሮችና በረኪና የጥንት ጎረቤቶች ናቸው ማለት ነው።) በ1847 በቪየና ኢግናስ ዜመልቫይስ ሐኪሞች እናቶችን ከማዋለዳቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፣ ከ10 በመቶ በላይ ይደርስ የነበረው የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ አካባቢ ወረደ። የገዛ ሰውነታችንም ቢሆን ይህን ኬሚስትሪ ያውቀዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲውጡ የሚገድሉበት አንዱ መሣሪያ ሃይፖክሎረስ አሲድ፣ ማለትም የበረኪናው የቅርብ ዘመድ ነው። እንዴት እንደሚገድል በዝርዝር የታየው በቅርቡ ሲሆን፣ በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች እጥፋት እንደሚፈታና እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚረጋ ሁሉ እርስ በርስ እንዲጣበቁ እንደሚያደርጋቸው አሳይተዋል።

ጠቃሚነቱ ግን በመጠኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ደብዳቤዬም የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ለዕቃና ለወለል ማጽጃ የመከረው 0.1 በመቶ ነበር። ባለ 5 በመቶ በረኪና ያለው ሰው አንድ እጁን ከ49 እጅ ውኃ ጋር ቢበጠብጥ ትክክለኛውን መጠን ያገኛል። በየሱቁ ደጃፍ ከርሞ 1 በመቶ የቀረውን ሃይላንድ የገዛ ሰው በዚያው ስሌት ቢበጠብጥ የሚያገኘው 0.02 በመቶ ነው፤ አጸዳሁ ብሎ ይተኛል፣ ጀርሙ ግን አይተኛም። ጥንካሬው 10 በመቶ ሆኖ የተሸጠ እንደሆነ ደግሞ እጁንና ጨርቁን ይበላል። ለመጠጥ ውኃ ማከሚያነት በየፋርማሲው የሚሸጠው ውኃ አጋርም ዋና ይዘቱ ይኸው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ፣ አጠቃቀሙ በላዩ ተጽፎ መቅረቡ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ አደራ፣ ጥንካሬው የማይታወቅ የሃይላንድ በረኪና በመጠጥ ውኃ ጀሪካን ውስጥ አትጨምሩ።

ታዲያ በየሰፈሩ የሚሸጠውን በረኪና ማን ይለካ? እዚህ ላይ ነው የትምህርት ቢሮውን ትኩረት የምጠይቀው። መለኪያው ከ12ኛ ክፍል ተማሪ አቅም የማያልፍ የቲትሬሽን፣ ማለትም አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ ጥንካሬውን የመለካት ሥራ ነው። ከበረኪናው 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በንጹሕ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳና መጀመሪያ በቂ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ቀጥሎ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ፣ መስኮቱም መከፈት አለበት። በረኪናው አዮዲኑን ነጻ ሲያወጣው ፈሳሹ እንደ ቡና ይጠቁራል። ከዚያ 0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ከቢዩሬት (መለኪያ መስመር ካለው የብርጭቆ ቱቦ) ጠብ ጠብ እየተደረገ ቀለሙ ወደ ገለባ ቢጫ ሲሳሳ ስታርች ይጨመርና ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ታዮሰልፌቱ መጨመሩ ይቀጥላል፣ ቀለሙም በአንዲት ጠብታ ድንገት ሲጠፋ ሥራው ያበቃል። ስታርቹ ከድንች ሊወጣ ይችላል፤ ታዮሰልፌቱም የድሮ ፎቶ ቤቶች ፎቶ ያጥቡበት የነበረ ርካሽ ጨው ነው። ለአንድ ሞል (በኬሚስትሪ የቅንጣቶች መቁጠሪያ አሐድ) ሃይፖክሎራይት ሁለት ሞል ታዮሰልፌት ስለሚፈጅ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 13.4 ሚሊ ሊትር ከፈጀ በረኪናው ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፣ 2.7 ሚሊ ሊትር ብቻ ከፈጀ 1 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ ሙከራ በሥርዓተ ትምህርታችን ካለው የኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን ትምህርት ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ተማሪዎቻችን ግን ይህን ትምህርት በአብዛኛው የሚያውቁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሮን በመቁጠር ነው፤ ቢዩሬቱ በሣጥኑ እንደታሸገ የሚያረጅበት ትምህርት ቤት ሞልቷል። ልብስ አጠባን ለሳይንስ አይመጥንም የሚል ካለ ዶክተር አክሊሉ ለማን ላስታውሰው። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው እሱ ነው። ከዚያ አስተውሎት የተነሣው ምርምር በ1989 ለእሱና ለባልደረባው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ልብስ የሚታጠብበት ውኃ በእኛም ሰፈር አለ፤ የጎደለው አስተውሎ የሚለካ እጅ ነው።

ንግድ ቢሮውን የምለምነው ደግሞ ነገሩ ሲሰማ በጅምላ ዘመቻ እንዳይጀመር ነው። በየሰፈሩ በረኪና አቅጥነው የሚሸጡት በአብዛኛው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶችና ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው፤ ሃይላንዱንም ከቆራሌው የሚገዙት ከእሱ የረከሰ ማሸጊያ ስላላገኙ ነው። ሱቅ ማሸግና ዕቃ መድፋት ሽያጩን ወደ ጓዳ ያስገባው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። እኔ የሚታየኝ መንገድ ሌላ ነው። ወረዳው አምራቾቹን ይመዝግብ፤ ብርሃን የማያሳልፍና ቀለሙ ከውኃ ፕላስቲክ የሚለይ ማሸጊያ በጅምላ የሚገዙበትን ዝግጅት ያድርግላቸው፤ ማሸጊያው ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጥንካሬው፣ የተሞላበት ቀን፣ «ከአሲድና ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ» የሚለው ቃልና ቢጠጣ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉት የአደጋ ምልክቱ ሥዕል ይታከልበት። የሚጻፈውን የጥንካሬ ቁጥር፣ የወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየጊዜው ናሙና እየወሰደ በመምህሩ ኃላፊነት ይለካው። የተማሪ ልኬት ለክስ ማስረጃ መሆን አይችልም፣ መሆንም የለበትም፤ አምራቿ ምርቷ እንደደከመ የምታውቅበትና ወረዳው የትኛውን ናሙና ወደ እውቅ ላቦራቶሪ መላክ እንዳለበት የሚለይበት ወንፊት ግን ይሆናል። ወጪው በዋናነት የሁለት ጨዎችና የጥቂት ብርጭቆ ዕቃዎች ዋጋ ነው።

ሙከራውን በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መጀመር ይቻላል፤ ቱሉ ዲምቱ ቢሆን የአሠራር መመሪያውን በአማርኛ ለማዘጋጀትና ሌሎች መምህራንን ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ዝግጁ ነኝ። ከሁለታችሁ ቢሮዎች የምጠብቀው በመጪው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ኬሚካሎቹን የሚፈቅድ አንድ ደብዳቤ እና ናሙናውን ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያቀብለን አንድ ባለሙያ መመደብ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ